ዘበኛው ለምን ዘግይቶ ጮኸ?

ይህ ጽሑፍ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጅማ ለተማሪዎች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። በመጨረሻ የተነሱት ጥያቄዎችም አብረው ገብተዋል።

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ።

ወደዚህ ስመጣ የአዌቱን ወንዝ ተሻግሬ ጥቂት እንደሄድኩ አንድ የማውቃቸው ቡና ነጋዴ አገኘሁ። «ዛሬ ደግሞ ስለምን ልታወራ ነው?» አሉኝ። ስለ ኮሮና ስላቸው ሳቁ። «እሱ አላለቀም እንዴ?» እውነታቸውን ነው፤ ወሬው ከአፋችን ወርዷል፣ ማስኩም ከኪሳችን ወጥቷል። ተሰናብተን ልንለያይ ስንል ግን መለስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ቤት፣ አንድ ሳምንት ያዘን። እኔ ሦስት ቀን ራሴን አሞኝ ተነሳሁ። እሱን ኦክስጅን ላይ አደረጉት። ለመሆኑ ምን ለየን?»

ያዘጋጀሁት መግቢያ ሌላ ነበር፤ ትቼዋለሁ። በዚህ ጥያቄ እንጀምር።

በሽታው በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር ሁላችንም ያወራነው ስለ በር ነው። እጅ መታጠብ፣ አፍንጫ መሸፈን፣ መራራቅ። ትክክል ነበር፤ ቫይረስ ካልገባ ምንም አያደርግም። ከገባ በኋላ ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ብዙም አልተነገረንም። የቡና ነጋዴው ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ጅማ ስለሆንን ከጅማ ታሪክ ልነሳ። በአባ ጅፋር ዘመን መንግሥቱ ዙሪያውን በቦይና በአጥር የተከለለ ነበር፤ የሚታለፈው በኬላ ነው። ኬላው ላይ የሚቆመው ሹም አባ ኬላ ይባላል። ነጋዴ ሲመጣ ያስቆመዋል፣ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ መልእክተኛ ወደ ጅሬን፣ ወደ ንጉሡ ግቢ ይልካል። የሕዋሳችን ሽፋንም ኬላ ነው። ኮሮና ግን ኬላውን የሚያልፈው ሰብሮ ወይም በሌሊት ሾልኮ አይደለም። ገላው ላይ የተሰካው ሹል ፕሮቲን፣ ኤሲኢ 2 ከሚባለው የሕዋሳችን ፕሮቲን ጋር ይገጥማል። ኤሲኢ 2 እዚያ የተቀመጠው የደም ግፊትን በማስተካከል ሥራ ውስጥ ድርሻ ስላለው ነው እንጂ ቫይረስ ሊቀበል አይደለም። ስለዚህ እንግዳው የይለፍ ወረቀት ይዞ እንደመጣ ሰው ተከፍቶለት ይገባል፤ አባ ኬላም አይጮህም።

ሕዋስ ይህን የሚያውቅ ይመስል ሁለተኛ ዘበኛ በግቢው ውስጥ አቁሟል። ዘበኛው የሚያየው ፊት ሳይሆን ዱካ ነው።

የቫይረሱ መመሪያ የተጻፈው በአርኤንኤ ነው፤ 29,903 ፊደላት ያሉት አንድ ረጅም ክር። ለአርኤንኤ ቫይረስ ይህ ትልቅ ነው፤ የኤችአይቪ መመሪያ 10,000 እንኳ አይሞላም። ኮሮና ትልቅ ሻንጣ ይዞ የመጣ እንግዳ ነው በሉት፤ በሻንጣው ውስጥ ከመባዣ ዕቃው ሌላ ዘበኛ ማስተኛም አለበት። ታዲያ መመሪያውን ለመገልበጥ ከክሩ ትይዩ ሌላ ክር መሥራት ግድ ነው። ሁለቱ ክሮች ሲጣመሩ ድርብ አርኤንኤ ይፈጠራል። የእኛ ሕዋስ ረጅም ድርብ አርኤንኤ እንዲህ ሜዳ ላይ ጥሎ አይታይም። ኤምዲኤ 5 የሚባለው ዘበኛ ይህን ረጅም ድርብ ክር በእጁ ዳብሶ ያውቀዋል። ሪግ-አይ የሚባለው ሌላው ዘበኛ ደግሞ የክሩን ጫፍ ነው የሚያየው። የእኛ መልእክተኛ አርኤንኤዎች ሁሉ ጫፋቸው ላይ ቆብ አላቸው፤ ራሱን ገልጦ የሚሄድ አርኤንኤ ካገኘ ባዕድ ነው ማለት ነው።

ከሁለቱ አንዱ ባዕድ ሲያይ ወደ ሚቶኮንድሪያ ይሮጣል። ሚቶኮንድሪያን ትምህርት ቤት «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ» ብለን ሸምድደን ነው ያለፍነው፤ የማስጠንቀቂያው ደወል እዚያ ላይ የተሰቀለ መሆኑን ስሰማ እኔ ራሴ ገርሞኛል። ደወሉ ሲደወል መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይቀባበላል፤ በመጨረሻ ጂኖቹ የሚቀመጡበት ኒውክለስ ገብቶ አንድ ጂን ያስከፍታል። ከዚያ ጂን የሚወጣው ፕሮቲን ኢንተርፌሮን ነው።

ኢንተርፌሮን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከዶሮ እንቁላል ሽፋን ጋር አቆዩ። ቀጥለው ፈሳሹን ወስደው ሌላ፣ ምንም ያልነካው ሽፋን ላይ አደረጉት። አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲመጣበት እምቢ አለ። ከፈሳሹ ውስጥ ቫይረሱን ጣልቃ ገብቶ የሚያደናቅፍ ነገር አለ ብለው ስሙን ከዚያ አወጡለት። በአማርኛ «ጣልቃ ገቢ» ብለው ደስ ባለኝ፤ ግን ሐኪም ቤት ብሎ የሚረዳኝ ስለማላገኝ ኢንተርፌሮን እያልኩ እቀጥላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኢንተርፌሮን በአብዛኛው የሚጠቅመው ያመረተውን ሕዋስ አይደለም፤ ያኛውማ ተይዟል። ወጥቶ የሚሄደው ወደ ጎረቤት ነው፤ ልክ ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሳ «ኡኡ» እንደሚባለው። ጎረቤት ሕዋስ ድምፁን ሲሰማ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ይከፍታል። አንዱ የቫይረስ አርኤንኤ የሚቆራርጥ ይሆናል፣ አንዱ ፕሮቲን ማምረቻውን ያቆማል፣ አንዱ የሽፋኑን በር ያጠብቃል። ቫይረሱ ሲደርስ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። እሳቱ ከጎረቤት በፊት ከደረሰ ግን ኡኡታው ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ፉክክሩ የሰዓት ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኮሮና መከላከያችንን ማፍረስ አያስፈልገውም፤ ማዘግየት ይበቃዋል።

እንዴት እንደሚያዘገይ እንይ። ሁሉን ብዘረዝር ይመሻል፤ የሚገርሙኝን ልምረጥ።

ቫይረሱ እንደገባ የመጀመሪያ ሥራው ጎጆ መቀለስ ነው። የሕዋሱን የራሱን ሽፋን እየጎተተ፣ እያጠፈ ድርብ ግድግዳ ያላቸው ትናንሽ ከረጢቶች ይሠራል። ያ ዘበኛው የሚፈልገው ድርብ አርኤንኤ የሚሠራው እነዚህ ውስጥ ነው። ዘበኛው ግቢውን ሲዞር ባዶ ሜዳ ያገኛል። ብዙ ዓመት ሳይንቲስቶችን ያስቸገረ ጥያቄ ነበር፤ ከረጢቱ ዙሪያውን ድፍን ከሆነ የተባዛው መመሪያ በየት ይወጣል? እ.ኤ.አ. በ2020 በአይጥ ኮሮናቫይረስ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በጣም በቀዘቀዘ ናሙና ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው መልሱን አገኙ፤ ግድግዳው ላይ ስድስት ክንፍ ያለው፣ ዘውድ የመሰለ ቀዳዳ አለ። የተጠናቀቀው ክር በዚያ ሾልኮ ይወጣል፤ ድርብ የሆነው እዚያው ይቀራል። የቆሸሸውን ሥራ ጓዳ ሠርቶ፣ ሳሎን ላይ ንጹሕ ልብስ ለብሶ እንደሚቀርብ ሰው ነው።

ልብስ ካልኩ አይቀር፣ የሚወጣው ክር ቆብ ያደርጋል። ቫይረሱ የራሱን ቆብ ሰፊ ኢንዛይሞች ይዞ ነው የመጣው። ኤንኤስፒ 14 አንዱን ስፌት ይሰፋል፣ ኤንኤስፒ 16 ከረዳቱ ከኤንኤስፒ 10 ጋር የመጨረሻውን ያክላል፤ ሲያልቅ ከእኛ አርኤንኤ ቆብ መለየት ያዳግታል። ኤንኤስፒ 15 የሚባለው ደግሞ መቀስ ነው። የሚቆርጠው የእኛን ሳይሆን የገዛ ቫይረሱን አርኤንኤ ነው፤ ዘበኛውን ሊቀሰቅስ የሚችለውን የተንጠለጠለ ጅራት እየቆረጠ ይጥላል። ሌባ ዱካውን በቅጠል እንደሚጠርገው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም አንዳንዴ ዘበኛው ያያል። ደወሉ ይደወላል፣ ጂኑም ይከፈታል። ኮሮና ለዚህም ተዘጋጅቷል። ከሁሉ የምታስፈራኝ ኤንኤስፒ 1 የምትባለዋ ፕሮቲን ናት።

ወፍጮ ቤት አስቡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እህሉን ይዞ ተሰልፏል። ራይቦዞም ማለት ይህ ወፍጮ ነው፤ የአርኤንኤ መልእክት ይገባበታል፣ ፕሮቲን ሆኖ ይወጣል። ኤንኤስፒ 1 ትመጣና ጅራቷን እህል የሚገባበት አፍ ላይ ትሰካዋለች። ወፍጮው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ባለቤቱም አለ፤ ግን ምንም አይፈጭም። የኢንተርፌሮን መልእክትም እዚያው ተሰልፎ ይቀራል። አሁን ተማሪዎች እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ቫይረሱስ የራሱን ፕሮቲን በምን ይሠራል? እሱም ይህንኑ ወፍጮ ነው የሚጠቀመው። ዘዴው የቫይረሱ መልእክቶች ሁሉ መነሻቸው ላይ አንድ ዓይነት አጭር ክፍል፣ እንደ ጆንያ ምልክት ያለ፣ መኖሩ ነው። ያ ምልክት ያለበት ሲመጣ መዝጊያው ይለቃል። ወፍጮ ቤቱ የአንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ኦአርኤፍ 6 ደግሞ 61 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ) ብቻ ያላት ጢንጥዬ ፕሮቲን ናት። ሥራዋ የኒውክለስ በር ላይ መቀመጥ ነው። በሩን ከሚጠብቁት ፕሮቲኖች ሁለቱን፣ ኑፕ98ንና ራኤ1ን ትይዛለች። ከጎረቤት «ኡኡ» የሚለውን ሰምቶ ሊገባ የሚሮጠው ስታት1 በር ላይ ይመለሳል፤ ከውስጥ ሊወጣ የሚፈልገውም መልእክት እዚያው ይቀራል። ሌሎችም አሉ። ኦአርኤፍ 9ለ (ፈረንጆቹ ቢ ነው የሚሏት) ሚቶኮንድሪያው ላይ ደወሉ አጠገብ ትለጠፋለች። ኤንኤስፒ 3 ውስጥ ያለው ኢንዛይም በመከላከያ ፕሮቲኖች ላይ የተለጠፉትን «ተነሳ፣ ሥራ» የሚሉ ምልክቶች ይልጣል። እነዚህን አልፋቸዋለሁ፤ ሐሳቡ ያው ነው።

የእንግሊዙ ልውጥ ዝርያ ሲባል የነበረውን አልፋን ታስታውሳላችሁ? ስለ እሱ የሰማነው ሁሉ ስለ ሹሉ ፕሮቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ አልፋ ኦአርኤፍ 9ለን፣ ኦአርኤፍ 6ን እና ኤን የሚባለውን ፕሮቲን ከቀዳሚዎቹ አብልጦ ያመርት ነበር። ማለትም ወደ ሰው በተላመደ ቁጥር በር መክፈትን ብቻ ሳይሆን ዘበኛ ማስተኛትንም እያሻሻለ ነበር።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ዘበኛው ዘገየ እንጂ አልሞተም። ቫይረሱ በሰፈሩ ከተዳረሰ በኋላ፣ አፈናው ያልደረሰባቸው ሌሎች ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ የጩኸቱ ሌላው ክፍል፣ ማለትም እብጠት የሚያመጣው፣ ከኢንተርፌሮኑ ያነሰ ነው የታፈነው። ሳንባ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ ይጎርፋል፣ ፈሳሽ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በጠና የታመሙ ሰዎችን ደም የመረመሩ ሐኪሞች ያዩት ይህንኑ ነው፤ ኢንተርፌሮን ጥቂት፣ እብጠት ቀስቃሹ ብዙ።

ከዚያ በፊትም ፍንጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሮናውን ዘመድ፣ የመጀመሪያውን ሳርስ በአይጦች ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች አይጦቹ ውስጥ ኢንተርፌሮን ከቫይረሱ ኋላ ዘግይቶ እንደሚመጣ አዩ። ኢንተርፌሮንን የሚሰማ ጆሮ የሌላቸውን አይጦች ሲያስይዙ፣ ይሞታሉ የተባሉት ዳኑ። ኢንተርፌሮን ቀደም ብሎ ሲሰጣቸው ደግሞ ጆሮ ያላቸውም ዳኑ። ያው አንድ መድኃኒት በጊዜው ሲመጣ አዳኝ፣ ሲዘገይ ገዳይ። ይህን ጥናት መጀመሪያ ሳነብ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

እንግዲህ «ኢሚዩኒቲ ማሳደግ» የምንለውን ንግግር የማልወደው ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። ሰው የፈለገው ጉልበት ነበር። ጉልበትማ ኦክስጅን ላይ የተኛውም ሰው ነበረው፤ ከልኩም አልፎ። የጎደለው የመጀመሪያው ቀን ነው።

ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። ምን ለየን ነበር ጥያቄው።

እዚህ ያላችሁ ገበሬዎች የቡና ፍሬ በሽታን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አረንጓዴው ፍሬ ይጠቁርና ይረግፋል። አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያኔ እዚሁ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች የሠሩት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ በሽታው በጠናበት ቦታ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሲጠቁር እሱ ንጹሕ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። 74110፣ 74112 የምትሏቸው ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ፈንገሱ አንድ፣ ጫካው አንድ፣ ዛፉ ግን ለየቅል።

ሰውም ጋ ይኸው ነው። ኦኤኤስ 1 የሚባል ጂን አለን። ድርብ አርኤንኤ ሲያይ አንዲት ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል፤ እሷም አርኤንኤዝ ኤል የሚባለውን ቆራጭ ትቀሰቅሳለች፤ ቆራጩ ያገኘውን አርኤንኤ ይከታትፋል። የዚህ ጂን ሁለት ዓይነት ውጤት አለ። አንደኛው ፕሮቲን ጅራቱ ላይ የስብ ቅባት አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ስብ ደግሞ ሽፋን ላይ ይጣበቃል። ኮሮና ጎጆውን የሚቀልሰው በምን ነበር? በሽፋን! ስለዚህ ቅባት ያለው ኦኤኤስ 1 ቫይረሱ የተደበቀበት ጓዳ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል፤ ቅባት የሌለው ሜዳ ላይ ሲፈልግ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሆስፒታል ከገቡት ውስጥ ቅባት ያለውን የሚያመርቱት ለከፋ ሕመም የመጋለጣቸው ዕድል ያነሰ ነበር።

ቅባት ያለውን የሚሠራው የጂን ዓይነት ከአፍሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች የደረሰው ኒያንደርታል ከሚባሉት፣ ዛሬ ከጠፉት የጥንት ሰዎች ጋር ተዋልደው ነው። እኛ አፍሪካውያን ግን ከጥንት አባቶቻችን በቀጥታ ወርሰን ይዘነዋል። ሁላችንም አይደለንም፤ አንዱ ወንድም ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል።

ከዚህም የሚገርመው ፈረስ ኮቴ የሚባሉት የሌሊት ወፎች ነገር ነው። የኮሮናው የቅርብ ዘመዶች የሚገኙት እነሱ ጋ ነው። እነዚህ የሌሊት ወፎች ቅባት ያለውን ኦኤኤስ 1 ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት አጥተውታል። የኮሮና ዘሮች ያደጉት ውሻ በሌለበት ግቢ ነው፤ ውሻ ማባበያ አልተማሩም። ለዚያም ነው እኛ ጋ ሲመጣ በዚህ አንድ ነገር የተያዘው። ከግመል ወደ ሰው የሚሻገረውና እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የታወቀው ሌላው ኮሮናቫይረስ፣ መርስ ግን ተምሯል። ኤንኤስ 4ለ የሚባል ፕሮቲኑ ያቺን ትንሽ መልእክተኛ መንገድ ላይ ይቆርጣታል፤ ቆራጩ ሳይነቃ ይቀራል።

ሌላም ልዩነት አለ። ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ከታመሙ 987 ሰዎች 101ዱ ደም ውስጥ የገዛ ራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ተገኘ፤ ከእነዚህ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ዘበኛው ጮኾ ነበር፤ የገዛ ቤተሰቡ አፉን ያዘው። ከመታመማቸው በፊት ይህን ይዘው ሲኖሩ አያውቁትም ነበር። ሕፃናት በአብዛኛው ቀለል ያለላቸው ለምን እንደሆነም በከፊል እናውቃለን፤ የልጆች አፍንጫ ሕዋሳት ውስጥ ሪግ-አይና ኤምዲኤ 5 ከአዋቂው በዝተው፣ ነቅተው ይገኛሉ። የልጅ አፍንጫ ሁልጊዜ የሚፈስስ ነው፤ ዘበኛውም ተኝቶ አያውቅም።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር። ይህን የማታለል ዘዴ የሰው ልጅም ተጠቅሞበታል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን በላብራቶሪ የተሠራ አርኤንኤ ሕዋስ ውስጥ ሲያስገቡ ዘበኞች እየጮኹ ያስቸግሯቸው ነበር። ከአርኤንኤው ፊደላት አንዱን በመጠኑ ለወጥ ሲያደርጉት ዘበኞቹ ዝም አሉ። ያን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙት፤ የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2023 ነው። በመሐል የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች ተሠሩበት።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄ እንለፍ።

አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ቫይረሱ ይህን ሁሉ አስቦበት ነው እንዴ የሚያደርገው?» አለች። የኔ ልጅ፣ አያስብም። ስንገለብጥ እንደምንሳሳተው እሱም ሲገለብጥ ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት ይጎዳዋል፤ ዘበኛውን ያስነሳና ይጠፋል፣ እኛም አናየውም። የምናየው ያለፈውን ነው። መሣሪያውን የሚጥልበትም ጊዜ አለ። ከናይጄሪያ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከሞሮኮ ግመሎች የተወሰዱ የመርስ ቫይረሶች ያ ኤንኤስ 4ለ ያልኳችሁ ጂን ተቆርጦ ጎድሏቸው ተገኝተዋል፤ በሰው ሳንባ ሕዋስ ላይ ሲሞከሩም ከሳዑዲው ደክመው ታይተዋል። ለምን ከግመሎቹ ጋር እንዲያ ተስማምተው እንደሚኖሩ ሌላ ቀን የሚወራ ጥያቄ ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሱ። የጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ ነኝ አሉ። «ስለ ቡናው ያልከው ልክ ነው። ግን ቡናን መርጠን ተከልን፤ ሰውን መርጦ መትከል አይቻልም። ታዲያ የጎደለውን ኢንተርፌሮን በመርፌ ብትሰጡንስ?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ ብዙ ሳይንቲስቶች የጠየቁት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባካሄደው ሙከራ ሆስፒታል ለተኙ 2,000 ያህል ሰዎች ኢንተርፌሮን ተሰጠ፤ የሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ሰዎቹ ሆስፒታል የደረሱት እሳቱ ከተዛመተ በኋላ ነበር። በኋላ ግን ብራዚልና ካናዳ ውስጥ ላምዳ የሚባለው ዓይነት ኢንተርፌሮን ገና ቤታቸው ላሉ፣ ምልክት ከታየባቸው ሰባት ቀን ላላለፋቸው ሰዎች በአንድ መርፌ ተሰጠ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ሆስፒታል የገቡት ወይም ድንገተኛ ክፍል ረዘም ላለ ሰዓት የቆዩት መርፌውን ካገኙት ከመቶ 2.7፣ ካላገኙት ከመቶ 5.6 ሆኑ።

«ሰባት ቀን» አሉ አባትየው፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሆነው። «እኛ ጋ ሰው ሦስቱን ቀን ዳማከሴ ሲጠጣ ይቆያል። ሁለቱን ቀን ቡና ለቀማ ነው ብሎ ይሠራል። ከዚያ ነው የሚመጣው።»

ከፊት ረድፍ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳትጠየቅ መለሰች። «አባባ፣ ጤና ኬላ ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የምጠይቅዎት ስምዎን አይደለም። ስንት ቀን ሆነዎት ነው የምለው።»